ኮምፒውተሩ አልረሳም፤ አላወቀም እንጂ

ሰው የሚያውቀውን ሰው በመንገድ አግኝቶ ሰላምታ ሳይሰጥ ቢያልፍ፥ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ፈጽሞ ረስቶታል፤ ወይም ያ ሰው አዲስ ካፖርት ለብሶ፥ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ስለ መጣ አላወቀውም። ሁለቱ ነገሮች ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ከረሳን ሰው ጋር እንደ ገና መተዋወቅ ያስፈልጋል። ላላወቀን ሰው ግን «እኔ እኮ እገሌ ነኝ» ማለት ይበቃል።

ውድ አንባቢያን፥ በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ይህን ልዩነት ባለማወቅ ወጣት ሠራተኛና ተማሪ ጊዜውን፥ ገንዘቡን፥ አንዳንድ ጊዜም የጻፈውን ጽሑፍ ስለሚያጣበት አንድ ትንሽ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመገናኛ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም፥ ከገርጂ እስከ ጎሮ ድረስ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ በላፕቶፕ የሚሠራ ወጣት ብዙ ነው። ላፕቶፑ በቦርሳ ይመጣል፤ በቢሮው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሁለት ሰፋፊ ስክሪኖች ተተክለው ይጠብቁታል። በመካከላቸው «ዶክ» የሚባል ትንሽ ሣጥን አለ። የሁለቱ ስክሪኖች፥ የኪቦርዱ፥ የማውሱ፥ የኢንተርኔቱ ገመድ ሁሉ በዚህ ሣጥን ላይ ይሰካል፤ ከሣጥኑ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ግን አንድ ገመድ ብቻ ነው። ሠራተኛው ጧት ሲገባ ያንን አንድ ገመድ ይሰካል፤ ማታ ሲወጣ ይነቅላል። ምቾቱ ይህ ነው።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት ግራውን ስክሪን በግራ፥ ቀኙን በቀኝ አድርጎ፥ የፊደሉን መጠን ለዓይኑ እንዲስማማ አስተካክሎ፥ ሴቲንጉን አስቀምጦ ወደ ቤቱ ሄደ እንበል። ማክሰኞ ጧት ገመዱን ሲሰካ ግራው ቀኝ ሆኖ፥ ቀኙ ጨልሞ፥ ፊደሉም እንደ ጉንዳን አንሶ ያገኘዋል። «ትናንት አስቀምጬው አልነበረምን?» ይላል። እንደ ገና ያስተካክላል። ረቡዕም እንደዚሁ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቱ ያልቃል።

ይህ ችግር በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ሊደርስ ይችላል፤ ሊኑክስ በተባለው ሲስተም በሚሠሩት ላይ ግን ጎልቶ ይታያል። ሊኑክስ በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሥራ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ፕሮግራመሮች የሚያሻሽሉት፥ ለፈቃዱ ገንዘብ የማይከፈልበት ሲስተም ሆኗል። ለእኛ ተማሪዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዶላር የሚገዛ ዕቃም ሆነ የፕሮግራም ፈቃድ ለጀማሪ ደመወዝተኛ የማይቀመስ ሲሆን፥ በነፃ የሚገኝ ሲስተም ወዳጅ ቢበዛለት አያስገርምም። በዚያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማስተማር የታሰበው ፕሮግራም መጀመሩም ብዙ ወጣቶችን ወደዚህ ሙያ ጠርቷል። ኮዲንግ የጀመረ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ከሊኑክስ ጋር መገናኘቱ አይቀርም።

እንግዲህ ያ ትዕግሥቱ ያለቀ ወጣት ምን ያደርጋል? አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ነው። አንደኛው፥ ዶኩ ተበላሽቷል ብሎ በርካሽ ይሸጥና ሌላ ለመግዛት ይበደራል። ሁለተኛው፥ «ሊኑክስ አይረባም» ብሎ የጀመረውን ትምህርት ይተዋል። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ጥገና ሱቅ ይሄዳል።

«ወንድሜ፥ ስክሪኖቹን አልይዝ አለኝ» ይላል።

«ፎርማት ይደረግ» ይሉታል።

ፎርማት ማድረግ ማለት ቤት ውስጥ አንድ መርፌ ጠፋ ተብሎ ቤቱን ከነዕቃው አፍርሶ እንደ ገና እንደ መሥራት ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን፥ የመሥሪያ ቤቱን ሪፖርት፥ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ በሌላ ቦታ ቀድቶ ያላስቀመጠ ሰው ያንን ሁሉ ያጣል። የሚያሳዝነውም፥ ፎርማቱ ከተደረገ በኋላ ሰኞ አስተካክሎት የሄደው ስክሪን ማክሰኞ እንደ ገና ተለውጦ መገኘቱ ነው። በሽታው ሌላ፥ መድኃኒቱ ሌላ ነበርና።

እንዲህ ያለው ስሕተት ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በመሥሪያ ቤት የቆዩት ታላላቆቻችሁ አንድ ነገር ያስታውሳሉ። በፊት ጊዜ በአማርኛ የሚጽፉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው ለፊደላችን የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። አንዱ «ሀ»ን በዚህ ቁጥር ሲያስቀምጥ፥ ሌላው በዚያ ቁጥር ያስቀምጠዋል። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ሆኖ ይታያል። ያየው ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ቢሰርዘው የማይተካ ሰነድ ጠፋ ማለት ነው። ነገር ግን ፋይሉ አልተበላሸም ነበር፤ ያልታወቀ ብቻ ነበር። በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ በሦስተኛው ዕትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ፥ እያንዳንዱ ፊደላችን በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ የማይለወጥ አንድ ቁጥር አገኘ። ዛሬ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያነብ የቻለው ስለዚህ ነው።

የስክሪኖቹም ነገር በዚሁ መንገድ የሚፈታ ነው። አሁን ወደ ውስጡ እንግባ።

እያንዳንዱ ስክሪን በውስጡ መታወቂያ ወረቀት የሚመስል አጭር መረጃ ይዟል። ስሙ «ኢዲአይዲ» ይባላል። ደንቡ በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ክፍል መጠኑ 128 ባይት ብቻ ነው። በውስጡም የፋብሪካው ስም በሦስት ፊደል፥ የሞዴሉ ቁጥር፥ የስክሪኑ መለያ ቁጥር፥ የተሠራበት ዓመትና ሊያሳይ የሚችለው የምስል መጠን ተጽፎ ይገኛል። ገመዱ እንደ ተሰካ ኮምፒውተሩ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስክሪኑም ይህንን መታወቂያ ያሳያል።

ከዚህ ሌላ ደግሞ አድራሻ አለ። ኮምፒውተሩ ስክሪኑ የተሰካበትን በር በስም ይጠራዋል፤ ለምሳሌ «ኤችዲኤምአይ 1»፥ «ዲፒ 3» ይለዋል። ይህ የስክሪኑ ስም አይደለም፤ ስክሪኑ የገባበት ቤት ቁጥር ነው እንጂ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማወቅ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። እስቲ በምናውቀው ነገር እንመስለው። የቀበሌው መታወቂያ ሰውየውን ከነአድራሻው፥ ማለት ከቀበሌውና ከቤቱ ቁጥር ጋር ይዞ ይጽፈዋል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም፥ የአያትና የሰሚት አካባቢ ነዋሪ ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል የክፍለ ከተማው ስም ተለወጠበት። ሰውየው ያው ነው፤ ቤቱም ያው ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው አድራሻ ግን የድሮው ነው። በአንጻሩ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል። ሰውየው ከቦሌ ወደ ባሕር ዳር ቢዛወር ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል።

በኢዲአይዲ ውስጥ ያለው የስክሪኑ መለያ ቁጥር እንደ ፋይዳ ነው፤ «ዲፒ 3» የሚለው ግን እንደ ቤት ቁጥር ነው። ችግሩ፥ ሲስተሙ ሴቲንጉን ሲያስቀምጥ ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ መጻፉ ነው። ኡቡንቱን በመሳሰሉት ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግኖም የተባለው ዴስክቶፕ ሴቲንጉን «ሞኒተርስ» በተባለ አንድ ፋይል ውስጥ ያኖራል። በዚያም የበሩን ስም፥ የፋብሪካውን ስም፥ የሞዴሉንና የመለያ ቁጥሩን አራቱንም በአንድነት ይመዘግባል። በማግስቱ ስክሪኖቹ ሲመጡ፥ የተሰበሰቡት ሁሉ ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ይተያያሉ። ሁሉም ከተስማሙ የትናንቱን አቀማመጥ ያመጣል። አንዱ እንኳ ካልተስማማ «እነዚህ እንግዶች ናቸው» ብሎ በራሱ ፈቃድ ይደረድራቸዋል። የትናንቱ ሴቲንግ ግን አልጠፋም፤ በመዝገቡ ውስጥ ባለቤቱን እየጠበቀ ተቀምጧል።

ታዲያ ትናንት የታወቀው ስክሪን ዛሬ እንግዳ የሚሆነው ለምንድን ነው? ዋና ዋናዎቹን ምክንያቶች እንቁጠር።

የመጀመሪያው የበሩ ስም መለወጥ ነው። ከ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ዲስፕሌይፖርት የተባለው አሠራር በአንድ ገመድ ውስጥ የብዙ ስክሪኖችን ምስል ማስተላለፍ ይችላል። ብዙ ዶኮች የሚሠሩት በዚህ ጥበብ ነው። ነገር ግን በዶኩ ውስጥ የሚያልፉት በሮች በላፕቶፑ ላይ እንዳሉት በሮች ቋሚ አይደሉም። ገመዱ ሲሰካ ይፈጠራሉ፤ ሲነቀል ይፈርሳሉ። አሮጌው ስም ገና ሳይለቀቅ አዲሱ ከመጣ፥ ትናንት «ዲፒ 3» የነበረው ዛሬ «ዲፒ 5» ይባላል። ከዚህም በቀር ላፕቶፑ በግራና በቀኝ ሁለት መሰኪያ ካለው፥ ሰኞ በግራው፥ ማክሰኞ በቀኙ መሰካት ብቻውን ስሙን ሊለውጠው ይችላል።

ሁለተኛው የላፕቶፑ ክዳን ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ክዳኑ ክፍት ሲሆን ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ሦስት ስክሪን ነው፤ የራሱንና ሁለቱን። ክዳኑ ሲዘጋ የሚቆጥረው ሁለት ብቻ ነው። ለእርሱ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ማኅበሮች ናቸው፤ የአንዱን ሴቲንግ ለሌላው አይሰጥም። ክዳኑን ከፍቶ አስተካክሎ፥ በማግስቱ ክዳኑን ዘግቶ የሚሰካ ሰው «ረሳብኝ» ቢል ኮምፒውተሩን ያለ ጥፋቱ ከሰሰው ማለት ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ከተማ ሰው ይበልጥ የቀረበ ነው፤ ይኸውም የመብራት መጥፋት ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ዶኩና ስክሪኖቹ ግን በአንድ ጊዜ ይሞታሉ። የተከፈቱት ገጾች ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ትንሽ ስክሪን ተሰብስበው ይገባሉ። መብራቱ ሲመለስ ዶኩ ይነሣል፤ ሁለቱ ስክሪኖች ግን እኩል አይነቁም። አንዱ ፈጥኖ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩም «አንድ ብቻ ናቸው» ብሎ ለአንድ ያስተካክላል። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው ሲመጣ እንደ ገና ይደረድራል። ስክሪኑ ገና በደንብ ሳይነቃ መታወቂያውን ቢጠየቅ ደግሞ መልስ አይሰጥም። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ስም የሌለው እንግዳ ብሎ ይመዘግበውና ዝቅተኛ የምስል መጠን ይሰጠዋል። የፊደሉ መደብዘዝ ወይም መተለቅ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

አራተኛው የመንታ ነገር ነው። አንዳንድ ርካሽ ስክሪኖችና ማገናኛዎች መለያ ቁጥር የላቸውም፤ ወይም ፋብሪካው ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር ጽፎባቸዋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ስክሪኖች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ኮምፒውተሩ የሚለያቸው በበሩ ስም ብቻ ነው። በሩ ሲቀያየር ግራው ቀኝ፥ ቀኙ ግራ ይሆናል።

አምስተኛው የዶኩ ዓይነት ነው። ከዶኮቹ አንዳንዶቹ ዲስፕሌይሊንክ በተባለ ጥበብ የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ ከሊኑክስ ጋር አብሮ የማይመጣ የራሳቸው ድራይቨር ያስፈልጋቸዋል። ሲስተሙ አፕዴት ተደርጎ ድራይቨሩ ከአዲሱ ጋር ካልተስማማ፥ ስክሪኖቹ ጭራሽ ላይታዩ ይችላሉ። ዶክ ስትገዙ ሻጩን «ይህ ዲስፕሌይሊንክ ነው ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ወጪ የሌለው ጥንቃቄ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱን በተራ እንናገር።

ከሁሉ በፊት ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ጽሑፋችሁንና ሰነዳችሁን በሌላ ቦታ ቅዱ፤ ይህ ችግር ቢኖርም ባይኖርም የሚገባ ነገር ነው።

ቀጥሎ አድራሻውን አጽኑ። የዶኩን ገመድ ሁልጊዜ በላፕቶፑ አንድ መሰኪያ ላይ ብቻ ሰኩ። በዶኩም ላይ የግራው ስክሪን ገመድ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ፥ የቀኙም የትኛው ውስጥ እንደሚገባ በትንሽ ፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉበት። ጠረጴዛውን የሚወለውሉ ሰዎች ገመድ ነቅለው መልሰው ቢሰኩት እንኳ ምልክቱ ይመራቸዋል።

ሦስተኛ፥ ሴቲንጉን የምታስተካክሉት በምትሠሩበት ሁኔታ ይሁን። ክዳን ዘግታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ክዳኑን ዘግታችሁ አስተካክሉ። ሁለቱንም የምታደርጉ ከሆነ ለሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ አስተካክሉ፤ መዝገቡ ብዙ አቀማመጥ መያዝ ይችላልና። ሌላም ነገር አለ። ግኖም አዲሱን አቀማመጥ ካሳየ በኋላ «ይጽና ወይስ ይመለስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በ20 ሴኮንድ ውስጥ «ይጽና» ካልተባለ የድሮውን ይመልሳል። ስልክ እያነሡ ወይም ወደ ሌላ ነገር እየዞሩ ይህን ጥያቄ ያለፉ ሰዎች ሴቲንጋቸው ከመጀመሪያውም አልተቀመጠም።

አራተኛ፥ መብራት በጠፋ ጊዜ የዶኩን ገመድ ከላፕቶፑ ንቀሉት። መብራቱ ሲመለስ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ዶኩ ይነሣ፥ ሁለቱም ስክሪኖች ይብሩ፥ ከዚያ በኋላ ገመዱን ሰኩ። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ነቅተው ያገኛቸዋል። አነስተኛ ዩፒኤስ ያላቸው ደግሞ ላፕቶፑን ሳይሆን ዶኩንና ስክሪኖቹን በእርሱ ላይ ይሰኩ። ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፤ ባትሪ የሌላቸው እነርሱ ናቸው።

አምስተኛ፥ ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ከቀጠለ ጉዳዩን እንደ መርማሪ ያዙት። በሊኑክስ ውስጥ «ሲስ» በተባለው ዋና ፎልደር፥ ከዚያም «ክላስ»፥ ከዚያም «ዲአርኤም» በተባሉት ውስጥ ብትገቡ የበሮቹን ስሞች ታገኛላችሁ። በሚሠራበት ቀን ስሞቹን በወረቀት ጻፉ፤ በሚያስቸግርበት ቀንም ጻፉ፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ስሞቹ ተለውጠው ከተገኙ ሌባው ተያዘ።

ሌባው ከተያዘ በኋላ መፍትሔው በስም ሳይሆን በመታወቂያ የሚሠራ መሣሪያ መጠቀም ነው። ኤክስ በተባለው በአሮጌው የምስል አሠራር ለሚሠሩ አውቶራንድአር የሚባል ፕሮግራም አለ። አቀማመጡን በየስሙ ያስቀምጣል፤ የበሩን ስም ትቶ በኢዲአይዲ ብቻ እንዲያመሳስል ሊታዘዝም ይችላል። ዌይላንድ በተባለው በአዲሱ አሠራር ስዌይን ለሚጠቀሙ ደግሞ ካንሺ የሚባለው አለ፤ እርሱም ስክሪኑን በፋብሪካው፥ በሞዴሉና በመለያ ቁጥሩ መለየት ይችላል። ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ዴስክቶፕ የሚጠቀሙም በስክሪን ሴቲንጉ ውስጥ ፕሮፋይል የማስቀመጫ ቦታ ያገኛሉ። ከዚህም ሌላ የዶኩን የውስጥ ፕሮግራም፥ ማለት ፈርምዌሩን፥ ማሻሻል ይጠቅማል። ይህን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ፕሮግራም በሊኑክስ ውስጥ አለ፤ በርከት ያሉ የዴልና የሌኖቮ ዶኮች በእርሱ ይሻሻላሉ።

ስድስተኛ፥ መዝገቡ ራሱ በአሮጌ ነገር ተጨናንቆ ከሆነ አትሰርዙት፤ ስሙን ለውጡት። ግኖምን የምትጠቀሙ ከሆነ በቤት ፎልደራችሁ ውስጥ ኮንትሮልና ኤች የተባሉትን ቁልፎች አብራችሁ ስትጫኑ የተደበቁት ፎልደሮች ይታያሉ። ከነዚህ ውስጥ «ኮንፊግ» በተባለው ውስጥ ያለውን «ሞኒተርስ» የተባለ ፋይል ስሙን «የድሮው» ብላችሁ ከሲስተሙ ውጡና እንደ ገና ግቡ። ኮምፒውተሩ አዲስ መዝገብ ይከፍታል፤ ካልተስማማችሁ የድሮውን ስም መመለስ ትችላላችሁ። የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት የመግቢያ ገጽ ግን የእናንተን መዝገብ እንደማያነብ ዕወቁ። እርሱ የራሱ መዝገብ ስላለው፥ በእርሱ ላይ ስክሪኖቹ ተገለባብጠው ቢታዩ የእናንተ ሴቲንግ ጠፋ ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚያገለግሉት ወጣቶች አንድ የተለየ ቃል አለን። የኮምፒውተሩ አለማወቅ ያስቸግራል፤ ማወቁም ግን አንዳንድ ጊዜ ያሳፍራል። የስብሰባ አዳራሹን ትልቅ ስክሪን አንድ ቀን ላፕቶፑ የሚያሳየውን ሁሉ እንዲያሳይ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁት ከሆነ፥ ከሁለት ወር በኋላ ገመዱን ስትሰኩ ኮምፒውተሩ ያስታውሰውና ያንኑ ያደርጋል። በዚያች ሰዓት በላፕቶፑ ላይ የደመወዝ ዝርዝር ወይም ምስጢር የተባለ ደብዳቤ ተከፍቶ ቢገኝ፥ ኃላፊዎቹና እንግዶቹ ሁሉ በግድግዳው ላይ ያነቡታል። «ኮምፒውተሩ ነው» የሚለው ምክንያት በዚያ ሰዓት ብዙ አይረዳም። ስለዚህ ወደ አዳራሽ ስትገቡ በመጀመሪያ የማያስፈልገውን ገጽ ዝጉ፤ ከዚያ በኋላ ገመዱን ሰኩ። የእጅ ልማድ ከሴቲንግ ይልቅ የታመነ ነው።

የሊኑክስ ሌላው መልካም ነገር አሠራሩ የተሰወረ አለመሆኑ ነው። በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ ስለ ሆነ ማንም ሰው ውስጡን ማንበብ ይችላል፤ ጉድለት ያገኘም ለሠሪዎቹ ሊያስታውቅ ይችላል። በጎሮ ባለው አይቲ ፓርክ የሚሠራ ወጣት ወይም በዩኒቨርሲቲ ዶርሙ የሚያጠና ተማሪ እነዚያን ሁለት ወረቀቶች ይዞ «ሰኞ ስሙ እንዲህ ነበር፤ ማክሰኞ እንዲህ ሆነ፤ በመካከል የሆነው ይህ ነው» ብሎ በጥንቃቄ ቢጽፍ፥ ጽሑፉ በሌላ ዓለም ያለውን ፕሮግራመር ሊረዳ ይችላል። «አይሠራም» ብሎ መጮኽ ማንንም አይረዳም። በዚህም ሥራ መርማሪነትን፥ ማስተዋልንና በግልጽ መጻፍን ይማራል፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በየትኛውም ቢሮ የሚፈለጉ ናቸው።

ውድ አንባቢያን፥ ይህን ያህል ስለ ሁለት ስክሪን መናገራችን የስክሪኖቹ ጉዳይ ብቻ ስለ ሆነ አይደለም። በየቢሮው «ጠፋ» የሚባል ፋይል፥ «ተበላሸ» የሚባል ዕቃ፥ «አይሆንም» የሚባል አሠራር ሞልቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በእውነት አልጠፉም፤ በተለወጠ ስም፥ በተለወጠ አድራሻ ተቀምጠው የሚያውቃቸው ሰው ይጠብቃሉ። አጥፍቶ እንደ ገና መጀመር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አብሮ የሚጠፋውን የምናውቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

ስለዚህ ነገ ጧት ገመዱን ሰክታችሁ ግራው ቀኝ ሆኖ ብታገኙት፥ ጣታችሁ ወደ ማጥፊያው ሳይሄድ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በየትኛው በር ገባ? ክዳኑ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ሁለቱም ስክሪኖች ነቅተው ነበር ወይ? የአንዱ መልስ ከትናንቱ የተለየ ከሆነ፥ መጀመሪያ የሚስተካከለው እርሱ ነው።